አንድ መለኪያ ለባቡር

ዝናብ ባዘለ ቀን፣ ሽምብጥ፣ ከሱቄ በር
ጋሽ አንሙት ቆመ፤ ካርቶን ታቅፎ ነበር።
«ታማብኛለች» አለ፣ «እዪልኝ ማስተዋል፤
ሁለት ስንዝር ሄዳ ልቧ ይዋልላል።
ቀጥ ትላለች፤ ደግሞ ዘላ ትነሣለች፤
እንደ ደንባራ በቅሎ ትደነብራለች።»

ራዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ ባቡር አላውቅም።
ይህ ከተማም ቢሆን ሐዲድ የለውም፤
ጀልባ አለው፣ ባጃጅ፣ ብስክሌት እንደ ጉድ።
ጋሽ አንሙት በተወለደበት፣ ከዱርቤቴ በላይ፣
ባቡር ማለት ወፍጮ ነው፤ በሰው ባቡር ላይ
እስካሁን አልተሳፈረም።
ይህቺን ያገኛት
ፖሊ ግምጃ ቤት ዕቃ ጠባቂ ሳለ፤
የሩሲያዊው መምህር ሻንጣ አልዘጋ አለ፤
ሐዲዷን፣ ፉርጎዋን፣ ከነትራንስፎርመሯ
ለርሱ ትቶለት ሄደ። ይኸው ነው ነገሯ።

ቶሎ አልፈታኋትም። ሐዲዱን ዘረጋን፣
የተበተኑ ራዲዮኖችን ወደ ጥግ አስጠጋን።
«ሁሌ አንድ ቦታ ከቆመች ጥፋቱ ከመንገዷ፤
የትም ከቆመች ግን ሕመሙ ከሆዷ»
አልኩና ጠመኔ ሰጠሁት።
እሷ ትዞራለች፤ እሱ ነጥብ ያኖራል።
ሰባት ጊዜ ቆመች፤
አራቱ ነጥብ አንድ መጋጠሚያ ላይ ተደራርቧል፤
ሦስቱ ግን የትም ነው።
«ሁለት በሽታ ነው» አልኩት።
ሐኪም ፊት እንደ ተቀመጠ ሰው
ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

መንገዱ ቀላል ነው፤ የጣና እርጥበት
ክረምቱን ሙሉ ገብቶ፣ አጥቁሮበት፣
ኮረንቲ አያስተላልፍም። ስፒሪት የለኝም።
«አረቄስ?» አለ ጋሽ አንሙት። አልሳቅሁም።
ዝናቡን ተሻግሮ የሻረግ ቤት ገባ።
«አንድ መለኪያ» ቢላት «በዚህ ሰዓት? ለማን?»
«ለባቡር።»
«እሰይ! ወፍጮውም እህል ትቶ መጠጣት ጀመረ!»
ይህን እየነገረኝ እየሳቀ ተመለሰ፤
መለኪያውን በመዳፉ ከድኖ፣ ጠብታ ሳያፈስስ።

ሐዲዱን በጥጥ አሸሁ፤ ጥጡ ከሰል መሰለ።
«ጎማዋንም ላጽዳው» ስል «እግሯን በይ» አለኝ።
ሱቄ ሠርግ ማግስት፣ ሠርግ ማግስት ሸተተኝ።
መንገዷ ዳነ።
እሷ ግን አሁንም እግሯ በዞረ ቁጥር
አንዴ ታነክሳለች፤
አንድ ዙር፣ አንድ ዕንቅፋት፤
አንድ ዙር፣ አንድ ዕንቅፋት።

ሆዷን ከፈትኩ። ካርቦኗ ደህና ነው።
ግራሶው ግን ደርቆ ሰም ሆኗል፤ በመርፌ ፈቀፈቅኩት።
ከጥርሱ ሥር፣ ዘንጉ ላይ፣ የተጠመጠመ
አንድ ነገር አየሁ፤ በወረንጦ ሳብኩት፤
መጣ፣ መጣ፣ አላልቅ አለ፤
ቀይ፣ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ።
«የሞተሯን ሽቦ በጠስኩ!» ብዬ ደነገጥኩ።
ጋሽ አንሙት ማጉያ መስታወቴን ነጥቆኝ ጎንበስ አለ።
ቆየ።
«ጢሙ ነው» አለ። «የሱ።
ሲያስብ ይጎትተው ነበር።»

ደረሰኝ ለመነኝ። የሠራሁበትን ሒሳብ
ልጽፍለት መስሎኝ ብሰጠው፣
ፀጉሩን ጠቀለለበት፤ ደረት ኪሱ ከተተና
ቁልፉን ቆለፈ።
እኔም የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ
አንዲት ጠብታ፣ ለያንዳንዱ ጥርስ አቀመስኩ።

መሽቶ ነበር ስትነሣ።
አራቱን ነጥብ አለፈች፤ ሦስቱንም አለፈች፤
ፉርጎዋን ብናስከትላት አልከበዳት፤
ጋሽ አንሙት ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣
ጣቢያ እንደ ቆመ ሸኚ፣
ኮቱን አስተካከለ።

በሦስተኛው ዙር መብራት ጠፋ።
ሰፈሩ በሙሉ። ከማዶ የሆቴሉ ጄኔሬተር አጓራ።
«ይኼኛው የኔ አይደለም» አልኩ በጨለማ።
ሳቀ። መዳፉ ጠረጴዛውን ሲዳብስ ይሰማኛል።
«የት ደረሰች?»
«ኩርባው ላይ ናት» አለኝ፣ «ሞቃለች።»

ከመለኪያው ግማሽ ተርፎ ነበር፤
የባቡሯን ድርሻ አንዳንድ ጉንጭ ተካፈልን፣
መብራት እስኪመጣ።